ለሰፊ የሥራ ቦታ ተንቀሳቃሽ የፕሮፔን ማሞቂያ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በምትገኘው ሚኒያፖሊስ የጥር ወር አማካይ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በዚህ ብርድ ጋራዥ ወይም መጋዘን ተከራይቶ የሚሠራ ሰው፣ ቋሚ ማሞቂያ ለማስገጠም አቅሙ ወይም የኪራይ ውሉ ካልፈቀደለት፣ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በተንቀሳቃሽ የፕሮፔን ማሞቂያ ላይ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ገጣጣሚ ባለሙያ አይፈልግም፣ ሲሊንደሩም በየነዳጅ ማደያው ይገኛል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ እነዚህ ማሞቂያዎች የጭስ ማውጫ የላቸውም። እሳቱ የሚነደው ሠራተኛው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ በመሆኑ ከነበልባሉ የሚወጣው ጋዝም ሆነ እንፋሎት እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚህ በታች የሚነሡት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመጡት ገዢው ይህን ዘንግቶ፣ ካርቶኑ ላይ በጉልህ የታተመውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሲገዛ ነው።

በቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ሳያጤኑ መግዛት

ስለ ማሞቂያው ጉልበት ከመጠየቅ በፊት በቦታው የሚሠራውን ሥራ መመርመር ይቀድማል። መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ በዚህ ረገድ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የነዳጅ ታንክ የሚወርድበት፣ የነዳጅ ማጣሪያ የሚቀየርበት፣ አልፎ አልፎም ቤንዚን የሚፈስበት ቦታ ነውና። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ ቤንዚኑ ከፈሰሰበት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ነበልባልም ሊያቀጣጥለው ይችላል። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከያ ደንቦች በእንዲህ ያለ ቦታ እሳት ሊያስነሣ የሚችል መሣሪያ ከወለሉ ቢያንስ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል የሚጠይቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ወለል ላይ የሚቀመጥ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ግን ብዙውን ጊዜ ነበልባሉ የሚገኘው ከዚህ ከፍታ በታች ነው።

ብዙም የማይነገርለት ሌላው አደጋ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ከእነዚህ ማጽጃዎች አንዳንዶቹ ክሎሪን ያለባቸው ሲሆኑ ጣሳቸው ላይ ቴትራክሎሮኢቲሊን የሚል ስም ይነበባል። የዚህ ፈሳሽ ተን በነበልባል ውስጥ ሲያልፍ ተሰባብሮ ሃይድሮጅን ክሎራይድን፣ እንዲሁም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመርዝ ጋዝነት የዋለውን ፎስጂንን ሊፈጥር ይችላል። ክሎሪን የሌለባቸው ደግሞ ራሳቸው በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ናቸው፤ ስለዚህ ማሞቂያው እየነደደ የትኛውንም መርጨት አይገባም። ቀለም የሚረጭበት ክፍልና የእንጨት ብናኝ አየሩን የሚሞላበት ወርክሾፕም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

በእኔ ግምት ጋራዥ ያለው ሰው ትንሽ ታግሦ ገንዘብ ቢያጠራቅምና ከጣሪያ ሥር የሚንጠለጠል፣ የሚያቃጥለውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማሞቂያ ቢያስገጥም ይሻለዋል። ተንቀሳቃሹ የፕሮፔን ማሞቂያ በትክክል የሚያገለግለው አየር እንደ ልብ በሚገባበት ቦታ ነው፤ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ፣ በሩ ቀኑን ሙሉ የሚከፈት የዕቃ ማራገፊያ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ የማይነካበት የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለዚህ ይመቻሉ። በአንዳንድ ከተሞች የጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ በሕንፃ ውስጥ መጠቀም በሕግ የተገደበ ስለሆነ ከግዢ በፊት ለከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ደውሎ መጠየቅ፣ የኢንሹራንስ ውሉንም ገልጦ ማንበብ ይገባል።

በወለሉ ስፋት ብቻ ማስላት

ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ስኩዌር ጫማ ያሞቃል» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ቁጥር የጣሪያውን ከፍታም ሆነ የውጭውን ብርድ አያውቅም። አምራቾች ራሳቸው በመመሪያ ደብተራቸው የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው፦ የቤቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በጫማ ለክቶ ማባዛት፤ ውጤቱን በውጭውና በሚፈለገው የውስጥ ሙቀት መካከል ባለው የፋረንሃይት ልዩነት ማባዛት፤ በመጨረሻም በ0.133 ማባዛት ነው። የሚገኘው ቁጥር በሰዓት የሚያስፈልገው የሙቀት መጠን በቢቲዩ (በአሜሪካ በተለመደው የሙቀት ኃይል መለኪያ) ነው።

ለምሳሌ 30 በ40 ጫማ የሆነ፣ ጣሪያው 14 ጫማ ከፍ የሚል መጋዘን 16,800 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል። ውጭው 15 ዲግሪ ፋረንሃይት ሆኖ ውስጡን 60 ማድረስ ቢፈለግ ልዩነቱ 45 ነው፤ ስሌቱም 100,500 ቢቲዩ ገደማ ይሰጣል። ይኸው መጋዘን ጣሪያው 9 ጫማ ቢሆን ኖሮ 65,000 ያህል በበቃው ነበር፤ የወለሉ ስፋት ግን በሁለቱም አንድ ነው። በዚያ ላይ 0.133 የሚለው ማባዣ ግድግዳው መጠነኛ የብርድ መከላከያ እንዳለው የሚገምት ነው። ግድግዳው ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ፍላጎቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ከመጨመር ይልቅ በመጀመሪያ የበሩን ዙሪያና የጣሪያውን ቀዳዳ መድፈን በገንዘብም በጤናም ያዋጣል፤ እርግጥ ነው፣ ቀጥሎ የሚነገርለት የአየር ማስገቢያ ሳይደፈን።

«ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ማሞቂያ ጋዝ ይፈጃል፣ የበለጠ አየር ይበላል፣ ቤቱንም ያረጥበዋል። ስለዚህ ጉልበቱ ከፍና ዝቅ የሚደረግና ቴርሞስታት (ሙቀቱን በተፈለገው ልክ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ) ያለው መሣሪያ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፣ ተመራጭ ነው።

የማሞቂያ ዓይነቶችን እንደ አንድ መቁጠር

ቶርፒዶ ወይም ሳላማንደር የሚባለው ዓይነት ትኩስ አየርን በማራገቢያ ይገፋል። ሰፊ ቤትን በፍጥነት ያሞቃል፤ ሆኖም ማራገቢያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ድምፁ ሰው ለሰው አያነጋግርም፣ አቧራም ያስነሣል። ሁለተኛው ክብ ሆኖ ቆሞ ዙሪያውን የሚያሞቅ ሲሆን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ በጎኑ ሁሉ ግን ሰፊ ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ሦስተኛው በጨረር የሚያሞቀው ነው፤ አየሩን ትቶ በፊቱ ያለውን ሰውና ዕቃ በቀጥታ ያሞቃል።

ጣሪያው ከፍ ባለ ቤት ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሠራተኛው እግሩ እየቀዘቀዘ ጣሪያው ይሞቃል። ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚሠሩበት ትልቅ መጋዘን፣ ወይም በሩ በየጊዜው ለሚከፈት ቦታ፣ አንድ መጠነኛ የጨረር ማሞቂያ ግዙፉ ቶርፒዶ የማይሰጠውን ምቾት በጥቂት ጋዝ ሊሰጥ ይችላል።

በር ዘግቶ መሥራት፣ በመከላከያ መሣሪያም መዘናጋት

ከሰል አክስሎ ቤት ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ፕሮፔን ግን ጭሱ ስለማይታይና ዓይን ስለማያቃጥል ንጹሕ ነው ተብሎ ይታመናል። በበቂ አየር ሲነድ በእርግጥም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቂት ነው፤ አየሩ እያነሰ ሲሄድ ግን ከከሰሉ የሚወጣው ያው ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ከዚህም ይወጣል።

አምራቾች በብዛት የሚጠይቁት ለእያንዳንዱ 100,000 ቢቲዩ 3 ስኩዌር ጫማ ያህል ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍት ቦታ ነው፤ ትክክለኛው ልክ ከመሣሪያው መመሪያ ላይ ሊነበብ ይገባል። 10 ጫማ ስፋት ያለው የጋራዥ በር ከወለሉ 4 ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ቢተው ከዚህ መጠን ጥቂት ይበልጣል። ከጣሪያው አጠገብም ሌላ መውጫ ቢኖር አየሩ ይዘዋወራል። በዚህ ክፍተት የሚጠፋው ሙቀት ስለሚያስቆጭ ሰው ሁሉ በሩን መዝጋት ይቃጣዋል፤ ክፍቱን መታገሥ የማይችል ሰው ግን ይህን ዓይነት ማሞቂያ ባይገዛ ይመረጣል።

አንዳንድ አነስተኛ ማሞቂያዎች ኦክስጅን ሲቀንስ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ አላቸው። ይህ መቆጣጠሪያ የሚከታተለው የኦክስጅንን መቀነስ እንጂ የካርቦን ሞኖክሳይድን መጠን አይደለም፤ በትልልቆቹ የግንባታ ማሞቂያዎች ላይም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ለቤት ተብሎ የሚሸጠው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠን ከሚሊዮን 70 እጅ ሲደርስ የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን የፈቀደው አማካይ ጣሪያ ከሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያው ሳይጮህ ከሕጋዊው ልክ በላይ ሲተነፍስ ሊውል ይችላል። ቁጥሩን በግልጽ የሚያሳይ፣ ዝቅተኛ መጠንም የሚያነብ መለኪያ ገዝቶ ሰው በሚቆምበት አካባቢ መስቀል የማሞቂያው ዋጋ አካል ተደርጎ ሊታሰብ ይገባል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የጉንፋን ምልክት ሊመስሉ ይችላሉ። በአንድ ቤት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተሰማቸው ግን ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣትና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

ውሃውን መርሳት

ፕሮፔን ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል፤ አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ከ1.6 ፓውንድ በላይ ውሃ ያወጣል። ከላይ የተጠቀሰው የ100,000 ቢቲዩ ማሞቂያ በሰዓት ከ4.5 ፓውንድ የሚበልጥ ፕሮፔን ስለሚያቃጥል ወደ 3.4 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ አየሩ ይለቃል። ሳያቋርጥ 8 ሰዓት ከነደደ 27 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ እንፋሎት የሚያርፈው ቤቱ ውስጥ ከሁሉም የቀዘቀዘውን ነገር ፈልጎ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከውስጥ ያልበዋል፣ የመፍቻው ሳጥን ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል፣ በካርቶን የተደረደረ ዕቃም ይልሰለሳል። ጠዋት ጠዋት የመቁረጫ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ስስ ቡናማ ዝገት የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከስሰው ጣሪያውን ነው። ጥቃቅን ልክ የሚለካ መሣሪያ፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም ወረቀት በሚቀመጥበት ቦታ ይህ አንድ ምክንያት ብቻውን ሌላ ዓይነት ማሞቂያ ለመምረጥ ይበቃል።

ለትልቅ ማሞቂያ ትንሽ ሲሊንደር ማሰር

ለባርቤኪው የሚያገለግለው ባለ 20 ፓውንድ ሲሊንደር 430,000 ቢቲዩ ገደማ ስለሚይዝ በ100,000 ሲካፈል ከ4 ሰዓት ጥቂት ያልፋል፤ በተግባር ግን ይህንም አይደርስም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከዙሪያው ሙቀት እየወሰደ ነው። ማሞቂያው በፍጥነት ሲስበው ፈሳሹ ይቀዘቅዛል፣ የሲሊንደሩ ውጫዊ አካል አመዳይ ይለብሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ነበልባሉም ይደክማል። ሲሊንደሩን ሲወዘውዘው የፈሳሹ ድምፅ እየተሰማው «ጋዙ አልቆ ነው» ብሎ የሚመልሰው ሰው ጥቂት አይደለም። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ድረስ ይተናል፤ ስለዚህ በሚኒሶታ ብርድም ቢሆን ችግሩ የሲሊንደሩ ትንሽነት ነው። ለዚህ ያህል ጉልበት መመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 100 ፓውንድ ሲሊንደር ይጠይቃል፤ እሱም 21 ሰዓት ያህል ያነድዳል። አመዳዩን ለማቅለጥ የማሞቂያውን አፍ ወደ ሲሊንደሩ ማዞር ግን ፈጽሞ አይሞከርም። የኦሻ የግንባታ ደንብ ማሞቂያው ከሲሊንደሩ ቢያንስ 6 ጫማ እንዲርቅ፣ በ20 ጫማ ክልል ውስጥም ፊቱ ወደ ሲሊንደር እንዳይዞር ያዝዛል። መጠባበቂያው ሲሊንደር የሚቀመጠው ውጭ ነው፤ ፕሮፔንም እንደ ቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ከምድር ቤትና መኪና ሥር ከሚገባበት ጉድጓድ ሊርቅ ይገባል።

ከፍታን አለማሰብ፣ ያገለገለ መሣሪያንም ሳይፈትሹ መውሰድ

የኦክስጅን መቆጣጠሪያ ያላቸው አነስተኛ ማሞቂያዎች ከባሕር ጠለል በላይ 7,000 ጫማ ካለፉ ያለ ምንም ብልሽት ሊጠፉ እንደሚችሉ መመሪያቸው ይገልጻል። በኮሎራዶ ግዛት ያለችው ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ስለሆነች ከዚህ በታች ናት፤ በተራራው በኩል የሚሠራ ሰው ግን ይህን ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ 7,700 ጫማ ገደማ ላይ መሆኗን ያላሰበ ሰው ለዘመድ ስጦታ ብሎ ቢልከው ምናልባት ጨርሶ አይነድም።

ያገለገለ ማሞቂያ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታየው የሚያቃጥለው የጋዝ ዓይነት የተጻፈበት ታርጋው ነው፤ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራን መሣሪያ በፕሮፔን ማንደድ አይገባም፣ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተርም የመሣሪያው የራሱ ሊሆን ይገባል። ጋዙ የሚያልፍበት ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠነከረ ይለወጣል። ከዚያም ማሞቂያው ሳይለኮስ የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፍቶ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ መቀባት ነው፤ አረፋ ከወጣ ቫልቩ ይዘጋል፣ መገጣጠሚያው እንደገና ይጠብቃል። ድጋሚ አረፋ የሚያወጣ ጎማ በፕላስተር አይጠገንም፤ በአዲስ ይተካል።