የእንግሊዝኛን የምክርና የግዴታ ረዳት ግሶች ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐረርና በድሬዳዋ እንግሊዝኛ ለብዙ ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው። በግንብ በታጠረው የሐረር ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያዞር አስጎብኚ፣ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ከሚገኙት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ የሚቀበል ወጣት፣ በድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ጉዳይ ከውጭ ደንበኛ ጋር የሚጻጻፍ ትራንዚተር፣ ሁሉም በየቀኑ «እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል»፣ «ይህን ማሟላት አለብዎት»፣ «ይህ አያስፈልግዎትም» ማለታቸው አይቀርም። በእነዚህ አነጋገሮች ላይ የሚፈጸመው ስህተት ከሌላው የሰዋስው ስህተት የሚከፋው፣ ሰሚው ስህተት መሆኑን ስለማያውቅ ነው። የግሱን ጊዜ ያሳሳተን ሰው እንግዳው «ቋንቋው አስቸግሮት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ምክሩን በትእዛዝ መልክ ያቀረበውን ግን ትሕትና እንደጎደለው ይቆጥረዋል።

በመጀመሪያ የሚነሣው «መስት»ን ያለ ቦታው ማብዛት ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛችን «መምጣትማ መስት ነው» ማለት ስለተለመደ፣ እንግሊዝኛ ስንናገርም ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው ይኸው ቃል ነው። እንግዳን ወደ አደሬ ቤት የሚያስገባ አስጎብኚን እንውሰድ። ነደባው (ከፍ ተደርጎ የተሠራው መደብ) ላይ ከመቀመጥ በፊት ጫማ ማውለቅ የቤቱ ደንብ ነው። አስጎብኚው «ዩ መስት ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ቢል ትእዛዙ ከእርሱ ከራሱ የወጣ ይመስላል፤ «ዊ ሃቭ ቱ ቴክ ኦፍ አወር ሹዝ ሂር» ቢል ግን ደንቡ የቤቱ እንደሆነና እርሱም እንደሚገዛበት ያሳያል። በደምሳሳው «መስት» የተናጋሪውን ፈቃድና ሥልጣን፣ «ሃቭ ቱ» ደግሞ ከውጭ የመጣን ሕግ ወይም ሁኔታ ያመለክታል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ጥብቅ አይደለም፤ አሜሪካውያን በንግግራቸው ግዴታን የሚገልጹት በአብዛኛው በ«ሃቭ ቱ» ነው። ስለዚህ የተጠራጠረ ሰው «ሃቭ ቱ»ን ቢመርጥ ብዙም አይሳሳትም። የምንናገረው ምክር ከሆነ ግን ሁለቱም ቀርተው «ሹድ» ይበቃል። አንድ የሚያስደስት ልዩ አጋጣሚ አለ፤ በጋለ ስሜት ሲጋበዝ «መስት» ወዳጅነትን ይገልጻል። እንግዳዎን ጣፋጭ ሲጋብዙ «ዩ መስት ትራይ ሙሸበክ» ቢሉት የሚቀየም የለም።

«ሃድ ቤተር»ን እንደ ትሑት ምክር መቁጠርም ብዙዎች የሚወድቁበት ነው። በአማርኛ «ቢሄዱ ይሻላል» ለስላሳ አነጋገር ስለሆነ፣ «ሃድ ቤተር ማለት ይሻላል ማለት ነው» ብሎ የተማረ ሰው ትክክለኛውን አቻ ያገኘ ይመስለዋል። የእንግሊዝኛው ሐረግ ግን «አለበለዚያ የሚከተለውን ያያሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያዘለ ነው። እንግዳ ተቀባዩ «ዩ ሃድ ቤተር ኢት አት አወር ሬስቶራንት» ሲል፣ ሌላ ቦታ ብትበላ አንድ ነገር ይደርስብሃል እንደማለት ይሰማል። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከድሬዳዋ መሀል ከተማ ራቅ ያለ ስለሆነ፣ ሰዓት ለረፈደበት መንገደኛ «ዩድ ቤተር ሊቭ ናው» ማለት ግን ተገቢ ነው፤ ካልተነሣ ባቡሩ በእርግጥ ያመልጠዋልና። በዚህ ሐረግ ውስጥ ያለው «ሃድ» ኃላፊ ጊዜን እንደማያመለክት፣ በአሉታም «ሃድ ቤተር ኖት ጎ» እንጂ «ሃድንት ቤተር ጎ» እንደማይባል መያዝ ይገባል።

ከሁሉም የከፋውና ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሻው ስህተት «የለብዎትም» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ነው። በአማርኛ «አሁን መክፈል የለብዎትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ይሸከማል፦ አንዱ ክልከላ ነው፤ ሌላው ደግሞ ግዴታው እንደሌለ፣ ከፈለጉ ግን መክፈል እንደሚችሉ የሚያስታውቅ ነው። እኛ በድምፅ ቃናና በሁኔታው እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ግን ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ክልከላው «መስት ኖት»፣ ግዴታ አለመኖሩ ደግሞ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። በአዎንታ ሲነገሩ የሚቀራረቡት ሁለቱ ግሶች አሉታ ሲገባባቸው ፈጽሞ ይራራቃሉ፤ ተማሪዎችን የሚያደናግረውም ይህ ነው።

ምሽት ላይ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ ሊያይ የመጣ እንግዳ፣ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት ሲያቀብሉት ፊቱ ቢለዋወጥ፣ አስጎብኚው ሊያረጋጋው ፈልጎ «ዩ መስት ኖት ፊድ ዘም» ይለዋል። ሊል የፈለገው «ካልፈለጉ ግዴታ የለብዎትም» ነበር፤ እንግዳው የሰማው ግን «እንዳትመግብ!» የሚል ነው። ምናልባት ከፍርሃቱ ተላቆ እጁን ሊዘረጋ ሲል መልሶ ይሰበስባል። እዚህ ላይ የጠፋው አንድ ትዝታ ብቻ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ግን ነገሩ ቀልድ አይሆንም። «መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ የለብዎትም» የሚለውን ባለሙያው የሚያስተላልፍበት ግስ በሽተኛው መድኃኒቱን የሚወስድበትን መንገድ ይወስናል፤ «መስት ኖት» ካለ በባዶ ሆድ ብቻ ይወስደዋል፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ካለ ደግሞ እንደ ፈቃዱ ያደርጋል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ከመናገራችን በፊት «የለብዎትም» ያልነውን በአማርኛው «ክልክል ነው» ብለን ብንተካው ሐሳባችን ካልተለወጠ «መስት ኖት» እንላለን፤ «አይጠበቅብዎትም» የሚለው ይበልጥ ከገጠመ ግን «ዶንት ሃቭ ቱ» ወይም በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ኒድንት» እንላለን። ልንል የፈለግነው «ባያደርጉት መልካም ነው» ከሆነ ደግሞ ቦታው የ«ሹድንት» ነው፤ «አይ ዶንት ቲንክ ዩ ሹድ» ብሎ መጀመር ከዚያም ይለዝባል።

ኃላፊ ጊዜ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። አንድ የሐረር ሰው «ትናንት ድሬ መውረድ ነበረብኝ» ቢለን፣ ወርዶ ይሁን ሳይወርድ ቀርቶ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ካልሰማን አናውቅም። ወርዶ ከሆነ እንግሊዝኛው «አይ ሃድ ቱ ጎ» ነው፤ ሳይወርድ ቀርቶ ከተጸጸተ ግን «አይ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው። «መስት» ለግዴታ የሚሆን ኃላፊ ጊዜ ስለሌለው፣ «መስት ሃቭ ጎን» የሚለው ግምትን ብቻ ይገልጻል፤ ማለትም «ሄዶ መሆን አለበት» እንደምንለው ነው። «ሹድ ሃቭ» ወደ ሁለተኛ መደብ ሲዞር ወቀሳ እንደሚሆንም መዘንጋት የለበትም። ሰነድ ላዘገየ ደንበኛ «ዩ ሹድ ሃቭ ሰንት ዘ ዶክዩመንትስ ላስት ዊክ» ብሎ የሚጽፍ ትራንዚተር ጥፋተኛ ነህ እያለው ነው፤ ዓላማው ሰነዱን ማግኘት ከሆነ «ዊ ስቲል ኒድ ዘ ዶክዩመንትስ» የሚለው ሥራውንም ግንኙነቱንም ያድናል።

የቀሩት የቅርጽ ስህተቶች በመሆናቸው ብዙ አያነጋግሩም። ከ«ሹድ» እና ከ«መስት» በኋላ «ቱ» አይገባም፤ እንደ «ሹድ» ምክርን የሚገልጸው «ኦት» ግን ያለ «ቱ» አይሄድም። «መስት» በሦስተኛ መደብ ነጠላ «ስ» አይጨምርም፤ «ሃቭ ቱ» ግን እንደ ተራ ግስ ስለሚረባ «ሃዝ ቱ» ይሆናል፣ ጥያቄውም «ዱ አይ ሃቭ ቱ» ተብሎ ነው የሚቀርበው። ለወደፊት «ዊል መስት» የሚባል ነገር የለም፤ «ዊል ሃቭ ቱ» ይባላል። በአነባበብ ረገድ «ሹልድ» እያሉ «ል»ን ማሰማት በትምህርት ቤት ጮክ ብሎ ከማንበብ የቀረ ልማድ ይመስለኛል፤ ፊደሉ ይጻፋል እንጂ አይነበብም። «ሹድ ሃቭ» በፈጣን ንግግር ተሸርፎ «ሹዳቭ» ስለሚሰማ ደግሞ አንዳንዶች በጽሑፍ «ሹድ ኦፍ» ያደርጉታል። ይህን እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ይሳሳቱታል፤ በሥራ ደብዳቤ ላይ ግን ለእነርሱም ቢሆን ስህተት ነው።