ግዛት አስከባሪ ዓሣን በቤት ውስጥ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮንቪክት ሲክሊድ መነሻው መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ከእኛው ቆሮሶ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። ግራጫ ገላው ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት ይህ ዓሣ ከ12 ሴንቲ ሜትር ብዙም ባይበልጥም፣ የራሴ ያለውን ቦታ ከእጥፉ ከሚበልጥ ዓሣ ጋር ተናክሶ ያስከብራል። ብዙዎች ይህን ክፉ ጠባይ ይሉታል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጸብ የሚያመጣው የገንዳው አሰነዳድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በቁመቱ የሚያምር ገንዳ መግዛት ነው። ዓሣው ግዛቱን የሚለካው በወለሉ ስለሆነ፣ ለአንድ ጥንድ ርዝመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር የማያንስና 120 ሊትር ያህል ውኃ የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ድንጋይን በአሸዋ ላይ መደርደር ነው። ኮንቪክት አሸዋ መቆፈር ይወዳል፤ ከሥሩ የተቦረቦረ ድንጋይም ተንዶ ዓሣውን ሊጨፈልቅ ወይም መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ድንጋዩን በገንዳው መሠረት ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም አሸዋውን ዙሪያውን ማፍሰስ ይገባል። ለመደበቂያ ዘይትና ሳሙና ያልነካው የሸክላ ስባሪ ይበቃል፤ በጅማ ገበያ ሸክላ ስለማይጠፋ ለፕላስቲክ ዋሻ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ነባሩ ዓሣ ቦታውን ከያዘ በኋላ አዲሱን በቀጥታ መጨመር ነው። እንግዳው መሸሻ ስለማያገኝ ክንፉ ተቀዳዶ፣ ጥግ ላይ ከማሞቂያው ጀርባ ተጣብቆ ይገኛል። ሌላ ዓሣ መጨመር ግድ ከሆነ በዚያው ዕለት ድንጋዩንና ሸክላውን ሁሉ ቦታ ማዛወር ይሻላል፤ የቀድሞው ድንበር ስለሚፈርስ ነባሩም እንደ እንግዳው ከአዲስ ይጀምራል። መብራቱን አጥፍቶ ማስገባትም ይረዳል።

ከጅማ አየር ጋር የተያያዘውን ስህተት ብዙ ጊዜ የሚያስተውለው የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ስለሆነም የአየር ፓምፕን እንደ ጌጥ መቁጠር አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ውኃውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ለማቆየት ለ120 ሊትር ከ150 እስከ 200 ዋት የሚደርስ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የፈላ ውኃ መጨመር አደገኛ ነው፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ይበቃል። መብራቱ ለረጅም ሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ የማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እጥረት ስለሚሞቱ፣ መብራት እንደመጣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ሳያጥቡ ማጣሪያውን አያስነሡ።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨውን መርዛማ አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣሉ። ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅባቸው ገንዳን ሞልቶ በማግሥቱ ዓሣ ማስገባት ስህተት ነው። በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን መለወጥ ያስፈልጋል፤ የቧንቧ ውኃ በክሎሪን የታከመ ከሆነ ክዳን በሌለው ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ብቻ መጠቀምም አይመከርም፤ ማዕድን ስለሌለው አሲድነቱ በድንገት ይዋዥቃል። ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሁን።

በመጨረሻ፣ ጥንዶቹ በቀላሉ ይራባሉ። እንቁላል የሚጠብቅ ኮንቪክት የባለቤቱን እጅ ሳይቀር ስለሚነክስ በዚያ ሰሞን ጽዳቱን ማዘግየት ይሻላል። የተረፉትን ጫጩቶች ወደ አዌቱ ወንዝ ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ ዓሣ በአውስትራሊያ ወንዞች ውስጥ በዚሁ መንገድ ገብቶ ተራብቷል። ጫጩት የማይፈልግ ሰው አንድ ዓሣ ብቻ ቢይዝ ይሻላል፤ ኮንቪክት ለብቻው መኖር አይከብደውም።