ካሸር ለመሆን ስትመጡ «ከኪሴ እሞላለሁ» አትበሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬት ነው የምሰራው። ካሸርና የሽያጭ ሰራተኛ ሲቀጠር የምጠይቀው እኔ ነኝ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ስራቸው ነው፣ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን ይበሉታል። ግን አንድ መልስ አለ፣ በሰማሁት ቁጥር የሚያንገበግበኝ።

«ማታ ሂሳብ ስትዘጉ 200 ብር ቢጎድል ምን ታደርጋላችሁ?» እላለሁ። «ከኪሴ እሞላለሁ!» ይላሉ፣ ታማኝነታቸውን ያሳዩኝ መስሏቸው። እባካችሁ ይህን አትበሉ! ዛሬ በዝምታ የሞላ ሰው፣ ነገ 200 ብር ሲተርፍ በዝምታ ወደ ኪሱ ላለመክተቱ ምን ዋስትና አለኝ? ደግሞ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ሳይታወቅ ይቀራል። እኔም ካሸር ሳለሁ ይህንኑ አድርጌያለሁ። ሶስት ማታ በተከታታይ ከደሞዜ ሞላሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ኋላ ሲጣራ ለካ ብሩ አልጠፋም፤ ደንበኞች በቴሌብር የከፈሉትን የሽያጭ ማሽኑ ላይ በጥሬ ገንዘብ እየመታሁ ነበር። መሳቢያው ባዶ ቢሆን ምን ይገርማል? የመጀመሪያውን ቀን ብናገር በአስር ደቂቃ ይገኝ ነበር። መልሱ ይኸው ነው፦ እንደገና እቆጥራለሁ፣ ከማሽኑ ሪፖርትና ከቴሌብሩ ጋር አመሳክራለሁ፣ ካልተገኘ ያኔውኑ ለኃላፊ እነግራለሁ።

ለደንበኛ የብር መልስ አሰጣጥ ስትጠየቁ ስልክ አውጥታችሁ አትደምሩ። ደንበኛ የ637 ብር ዕቃ ገዝቶ አምስት ባለ 200 ብር ከሰጣችሁ፣ ከዕቃው ዋጋ ተነስታችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ፦ 3 ሲጨመር 640፣ 60 ሲጨመር 700፣ 300 ሲጨመር 1,000። መልሱ 363 ነው።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ሸምድዶ የማይመጣ የለም። እሺ፣ ንጉሡ «ደረሰኙ ይቅርና ቀንሺልኝ» ቢልሽስ? ስንቶች «ደስ እንዲለው እቀንሳለሁ» እንዳሉኝ! ታክስ ያለበት ዕቃ 1,150 ብር ሲሸጥ 150ው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የምትቀንሱለት ይህንኑ ነው፣ የመንግስት ገንዘብ እንጂ የእኛ አይደለም። በትህትና «አይቻልም» ማለትን ቤታችሁ ተለማመዱት።

ተያዥ ሳታናግሩ «አለኝ» አትበሉ። ሁሉንም ጥያቄ የመለሰ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አጎቱ ደብዳቤ ከመስሪያ ቤቱ እስኪያመጣለት ቦታው በሌላ ተያዘ።

ለቃለ መጠይቁ ማርፈድማ ጭራሽ አይታሰብ።

በመጨረሻ «ጥያቄ አላችሁ?» ስል «የለኝም» ብላችሁ አትነሱ። ስለ ደሞዝና ስለ ፈረቃ መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት የሙከራ ጊዜ በፅሁፍ ነው የሚሆነው፣ ከ60 የስራ ቀንም አይበልጥም። መደበኛው ስራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያልፍም። በህዝብ በዓል ለሰራችሁበት ሰዓት ደግሞ ቢያንስ እጥፍ ይከፈላል፤ ሱቅ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በበዓል ሰሞን ማረፍ የለማ። ሌላም ጠይቁ፦ ጉድለት ሲመጣ እዚህ እንዴት ነው የሚጣራው? ባለፈው አንዲት ልጅ ስትጠይቀኝ ወንበሬን ሳብ አድርጌ የማሽኑን የማታ ሪፖርት አወጣሁና መስመር በመስመር አሳየኋት።