በባሕር ዳርቻ መናፈሻ የቆመን የቶተም ምሰሶ ከመበስበስ እንዴት እንጠብቀው?

በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ስታንሊ ፓርክ፣ ብሮክተን ፖይንት ላይ ዘጠኝ የቶተም ምሰሶዎች (የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የቤተሰብና የጎሳ ምስል የሚቀርጹባቸው ረጃጅም ግንዶች) ቆመዋል። ከቀደሙት መካከል ብዙዎቹ ለጥበቃ ወደ ሙዚየም ስለተወሰዱ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1992 ምትክ ተቀርጾላቸዋል። ዝናብና ጨዋማ አየር ለእንጨት አይራሩም።

ምሰሶዎቹ የሚቀረጹበት ቀይ ሴዳር የአገራችን ጥድ ዘመድ ነው፤ የጥድ አጥር ያቆመ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። የግንዱ ልብ ፈንገስ የሚከላከል ንጥረ ነገር አለው፣ ነጩ የዳር እንጨት ግን የለውም። የልቡም ቢሆን በዝናብ እየታጠበ ይሳሳል።

ብሩሽ ከማንሳት በፊት ባለቤቶቹን ይጠይቁ። የተቀረጹት ምስሎች የቤተሰብና የጎሳ መብት ናቸው፤ ቀለም ማደስም ሆነ ክንፍ መተካት የእነሱንና የቀራጩን ፈቃድ ይሻል። ምሰሶው አርጅቶ ወደ መሬት ይመለስ የሚሉም አሉ፤ ያኔ ሥራዎ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ዙሪያውን ማጠር ብቻ ነው።

ፍተሻው ሁለት ጊዜ ይሁን፦ በነሐሴ መጨረሻ (በቫንኩቨር በጋ ነው) እንጨቱ ሲደርቅ፣ ከዚያም ዝናብ ባደረ ማግስት። ሌላው ደርቆ እርጥብ የቀረ ቦታ ካለ ውሃ እዚያ ያቁራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የራስ አናት፣ የመንቁር ጀርባ፣ የክንፍ መገጣጠሚያና እግሩ ነው። ባልተቀረጸው ጀርባ በኩል ወስፌ ይጫኑ፤ ሳይታገል ከ1 ሴ.ሜ በላይ ከገባ በስብሷል። መታ መታ አድርጎ ማዳመጥም ይረዳል፣ ግን ብዙ ምሰሶ እንዳይሰነጠቅ ከጀርባው ስለሚቦረቦር ባዶ ድምፅ ሁሉ ብስባሽ አይደለም። የእርጥበት መለኪያ ከ20% በታች ካሳየ ደህና ነው፤ በደረቅ ወቅት ከ30% ካለፈ ውሃ የሚገባበትን ይፈልጉ። ቱምቢ ጥለው ያዘነበለውን መጠን ይመዝግቡ፤ በዓመቱ ከጨመረ እግሩ ወይም ማሰሪያው ለቋል።

እግሩ ዋናው ነው። የተቆረጠው የግንድ ጫፍ ውሃ ስለሚስብ መሬትም ኮንክሪትም መንካት የለበትም፤ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ ከፍ ይበል፣ ክብደቱን ከጀርባው ያለ የብረት ቋሚ ይሸከም፣ በብረቱና በእንጨቱ መካከል አየር ይለፍ። ቡሎኖቹ እስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ይሁኑ። ተራ ብረት ከሴዳር ጋር ጥቁር እድፍ ይፈጥራል፣ ሲዝግም አብጦ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

አናቱ ላይ የመዳብ ላሜራ ሲደረግ ከዳር ወጣ ብሎ ውሃውን አርቆ ያንጠብጥብ፣ ከሥሩም ክፍተት ይኑረው። አጥብቀው ከቸነከሩት እርጥበቱ ከሥር ታፍኖ እንጨቱ ሳይታይ ይበሰብሳል።

ሲያጸዱ ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በግፊት የሚረጭ ውሃ ቀለሙን ከነጭረቱ ያነሳል። ቫርኒሽ እርጥበት ያፍናል። ስንጥቅ በስቱኮ መድፈን ደግሞ የባሰ ነው፦ ስንጥቁ በየወቅቱ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ስቱኮው በአንድ ወገን ይለቅና ውሃ መያዣ ይሆናል። ይልቅ የተጠራቀመውን ቅጠል ይጥረጉ። ቡቃያ በቅሎ ካገኙ ገና ክር ሳለ ከሥሩ ይቁረጡት እንጂ አይንቀሉት፤ ሲነቀል እንጨቱን ይዞ ይወጣል።