ሃስኬል ላይ «ታይፑ አሻሚ ነው» የሚለውን ስህተት እንዴት ማስተካከል ይቻላል

መጀመሪያ ስህተቱን ራስዎ ይፍጠሩት። አንድ ፋይል ውስጥ ይህችን መስመር ያስገቡ፦

ውጤት = ሾው (ሪድ "5")

(ኮዱን በፊደላችን የጻፍነው ለንባብ ነው፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ነው የሚገባው።) የሃስኬል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) ጂኤችሲ እምቢ ይላል። ሪድ ጽሑፍ ተቀብሎ ወደሚፈለገው ታይፕ (የመረጃ ዓይነት) ይቀይራል፤ ሾው ያንኑ መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል። ጽሑፍ ገባ፣ ጽሑፍ ወጣ፤ መሃል ላይ ምን እንደነበረ የሚናገር የለም። ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ከሆነ መልሱ "5"፣ ደብል (ባለ ነጥብ ቁጥር) ከሆነ ግን "5.0" ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ፣ ውጤታቸው ግን ይለያያል፤ ስለዚህ ኮምፓይለሩ አይገምትም።

ቀጥሎ መልእክቱን ያንብቡ። ከ9.6 ወዲህ ባሉት የጂኤችሲ ስሪቶች ቁጥሩ 39999 ነው፤ «ኢንስታንስ የለም» (ታይፑ ለዚያ ፈንክሽን አልተዘጋጀም) የሚለውም በዚሁ ቁጥር ስለሚመጣ በቁጥሩ ብቻ አይፍረዱ። የሚፈለገው የታይፕ ተለዋዋጩ፣ ማለትም ያልታወቀው ታይፕ የተሰጠው ጊዜያዊ ስም (ለምሳሌ ኤ0) እና የመጣበት ፈንክሽን ነው። ስለ ሾውም ስለ ሪድም ቢያማርር፣ ኤ0 አንድ እስከሆነ ድረስ ችግሩም አንድ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ማሰር (ታይፑን በግልጽ መጻፍ) ይበቃል።

አሁን ያስሩት፦

ሾው (ሪድ "5" :: ኢንት)

የቅንፉ ቦታ ወሳኝ ነው። «:: ኢንት» ከቅንፉ ውጪ ከወጣ የሾው ውጤት ኢንት ነው ማለትዎ ይሆናል፤ የሾው ውጤት ግን ስትሪንግ (ጽሑፍ) ስለሆነ ሌላ ስህተት ይከተላል። አጠር ያለው መንገድ ይኸው፦

ሾው (ሪድ @ኢንት "5")

ከ@ በፊት ክፍተት ይኑር፣ ከኋላው ግን አይኑር። ይህ አጻጻፍ ከጂኤችሲ ስሪት 8.0 ጀምሮ በኤክስቴንሽን (በተጨማሪ የቋንቋ ባህሪ) ይሠራል፤ ከ9.2 ወዲህ ሌላ የቋንቋ ስሪት ካልመረጡ በቀር ራሱ ክፍት ነው። ፕሮጀክቱ የቋንቋ ስሪቱን ሃስኬል 2010 ብሎ ከወሰነ ኤክስቴንሽኑን ራስዎ ይክፈቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጂኤችሲአይ (ኮድ መስመር በመስመር ተጽፎ ወዲያው የሚሞከርበት የጂኤችሲ መስኮት) ላይ ሲሞክረው ነው። ያችኑ መስመር እዚያ ቢጽፉ የታይፕ ስህተት አይመጣም፤ ሲሠራ «ኖ ፓርስ» (ጽሑፉን ማንበብ አልተቻለም) ብሎ ይወድቃል። ጂኤችሲአይ ለጀማሪ እንዲመች ላላ ያለ ደንብ ስላለው፣ ያልታወቀውን ታይፕ ባዶ ቅንፍ () አድርጎ ይሞላዋል፤ "5" ደግሞ () ሆኖ አይነበብም። በ"5" ፋንታ "()" ይስጡትና ይዩ፣ ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ኮድዎን ፋይል ውስጥ ኮምፓይል ሳያደርጉ «ይሠራል» አይበሉ።

ቁጥሮች ላይ ፋይሉም ይላላል። ሾው (2 ^ 10) ያልፋል፤ ታይፑ ካልታወቀ መጀመሪያ ኢንቲጀር (የመጠን ገደብ የሌለው ሙሉ ቁጥር)፣ ካልሆነ ደብል ይሞከራል። ሳያውቁት እንዳይመረጥልዎ «-ደብልዩ ኦል» የሚባለውን የማስጠንቀቂያ ፍላግ ያብሩ።

አሻሚነቱ ከፈንክሽኑ ሲግኔቸር (ታይፑን ከሚገልጸው መስመር) ራሱ ከሆነ፣ ጂኤችሲ «አላው አምቢጉየስ ታይፕስ» የሚለውን ኤክስቴንሽን ክፈት ይላል። እሱ ስህተቱን ወደ ጥሪው ቦታ ያሻግረዋል እንጂ አይፈታውም። እያንዳንዱ ጥሪ ላይ @ለመጻፍ ካልተዘጋጁ አይክፈቱት።