ደሴ ላይ ሻይ ቤት ላላችሁ፦ ጭሱን ከቤት እንዴት ታስወጣላችሁ?

ደሴ ብርዱ ሲጠና ሻይ ቤቱ በሩን ይዘጋል። ያኔ አንዱ ጥግ ይዞ የለኮሳትን ሲጋራ ቤቱ በሙሉ ያጨሳታል። ከደንበኛ ሳትጣሉ ይህን ማስቆም ይቻላል።

መጀመሪያ ሕጉን እወቁት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣሪያ ባለው የሕዝብ መገልገያ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ትራንስፖርት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ውጭም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው። «ለአጫሾች አንድ ክፍል ልለይ» የምትሉም ተዉት፣ እሱም አይፈቀድም።

ሲጋራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሳንባን ነው። ልብ ግን ቶሎ ይነካል። የሌላ ሰው ጭስ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ብቻ የደም ሥርን እንደልቡ እንዳይሰፋ ያደርገዋል፤ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት (ፕላትሌቶች) እርስ በርስ መጣበቅ ይጀምራሉ፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ደግሞ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል። ራሱ ሳያጨስ ጭስ ውስጥ የሚውል ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ደንበኛውማ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ትሪ ይዛ የምትመላለሰው ልጅ ናት የምትጎዳው።

ደስ የሚለው፣ ጭሱ ሲቆም ለውጡም ቶሎ ይታያል። ስኮትላንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ስትጀምር ዘጠኝ ሆስፒታሎች ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚገቡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በ17 በመቶ ቀነሱ። ቅናሹ ደግሞ ከአጫሾቹ ይልቅ በማያጨሱት ላይ ነበር የበረታው።

እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ? መተርኮሻውን አንሡ። ጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ ካለ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን ማንም አያነብም። የሲኒ ማስቀመጫ ላይ የሚተረኩስም አለና ባዶ ሲኒ ቶሎ ቶሎ ይነሣ። ከዚያ ከበራችሁ ወደ 14 እርምጃ ቁጠሩ፣ እዚያ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ አስቀምጡ። የጎረቤታችሁ የልብስ ሰፊው መስኮት ሥር እንዳይሆን ብቻ! ደፍ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰውነቱን ወደ ውጭ አድርጎ የሚያጨሰው በጣም ያስቸግራል፤ ጭሱ ተመልሶ ይገባል። መስኮት መክፈትም አያድንም።

አነጋገር ላይ ነው ዋናው ነገር። ለትልቅ ሰው፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ወጣ ብለው ቢያጨሱልኝ፤ ሻይዎን ከድኜ አቆይልዎታለሁ።» ከድናችሁም አቆዩለት፣ ሲመለስ ከቀዘቀዘ ሌላ ቅዱለት። ለእኩያ፦ «ወንድሜ፣ እኔም እኮ እጠየቃለሁ።» ይበቃል፣ ስብከት አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ ለሚደረገው በርጫ ሕጉ አይደርስም፤ ያ በእናንተ እጅ ነው። ጫቱ ራሱ የልብ ምትና ደም ግፊት ይጨምራል፣ ሲጋራ ሲታከልበት ልብ ላይ ድርብ ጫና ነው። ግፊት ያለበት አባት ወይም ነፍሰ ጡር ካለች የሚያጨሰው ግቢ ይውጣ።

የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ ሾፌሩ ሲጋራ ከለኮሰ ደግሞ መናኸሪያው ውስጥ እያላችሁ ለረዳቱ ንገሩት። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ከጀመረ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።