የዘመኑን የሳይንስ ልብ ወለድ መድብል ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሳይንስ ልብ ወለድ መድብል ጀምረው ሁለት ሦስት ታሪክ ካነበቡ በኋላ «ይህስ ለእኔ አይሆንም» ብለው የሚያስቀምጡት አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። በእኔ ግምት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከታሪኮቹ ሳይሆን አንባቢው መድብሉ የማይሰጠውን ነገር ከመጠበቁ ይመነጫል። ለማሳያ የምይዘው አሜሪካዊው ደራሲና ተርጓሚ ኬን ሊዩ መርጦ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውንና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመውን «የማይታዩ ፕላኔቶች» የተሰኘ መድብል ነው፤ በውስጡም የ7 ቻይናውያን ደራስያን 13 ታሪኮች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ስህተት መድብሉን እንደ ረጅም ልብ ወለድ ያለ ፋታ መውረድ ነው። የረጅም ልብ ወለድ አንባቢ የታሪኩን ዓለም አንድ ጊዜ ከለመደ እስከ መጨረሻው እዚያው ይኖራል፤ የመድብል አንባቢ ግን በየታሪኩ አዲስ ዓለምና አዲስ ሕግ ይጠብቀዋል። ከመድብሉ ደራስያን አንዷ የሆነችው የሺያ ጂያ አንዱ ታሪክ መናፍስት በሚኖሩበት መንደር ያደገን ልጅ ሲተርክ፣ ሌላው አያትን ለመንከባከብ ቤት የገባን ሮቦት ይተርካል። ሁለቱን በአንድ ቁጭታ ማንበብ አንዱ የሌላውን ጣዕም እንዲያጠፋ ማድረግ ነው። በአንድ ምሽት አንድ ታሪክ በቂ ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅም ግዴታ አይደለም፤ ይሁንና ይህ መድብል በደራሲ የተከፋፈለ ስለሆነ የአንዱን ደራሲ ታሪኮች በተከታታይ ምሽቶች ማንበብ ይጠቅማል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ እኔ እንደማየው፣ ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ገጽ እንዲብራራ መጠበቅ ነው። የሃኦ ጂንግፋንግ «የምትታጠፈው ቤጂንግ» የሚጀምረው ላኦ ዳኦ የተባለ የቆሻሻ ማጣሪያ ሠራተኛ ከሥራ በኋላ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ገበያ በደራበት ጎዳና ሰው ፍለጋ ሲሄድ ነው። ከተማዋ በየ48 ሰዓቱ እየታጠፈችና እየተዘረጋች ለሦስት ዓይነት ነዋሪዎች በየተራ እንደምትደርስ የሚገባን ቆይቶ ነው፦ 5 ሚሊዮኑ ባለጸጎች ሙሉ 24 ሰዓት፣ 25 ሚሊዮኑ መካከለኞች 16 ሰዓት፣ 50 ሚሊዮኑ ድሆች ደግሞ የሌሊቱን 8 ሰዓት ብቻ ይኖሩባታል፤ ተራው ያልደረሰው ተኝቶ ይቆያል። ደራሲዋ ይህን ሥርዓት መግቢያው ላይ ዘርዝራው ቢሆን ኖሮ የምናነበው የከተማ ፕላን መግለጫ ይሆን ነበር። አሁን ግን አስቀድመን የምናውቀው ሰውየውን ነው፤ አንሥቶ ያሳደጋትን ሕፃን ለትምህርት ለማብቃት ሲል ሕግ ጥሶ ወደማይፈቀድለት ክፍል ደብዳቤ ለማድረስ መነሣቱን እንረዳለን፤ ሥርዓቱም በእርሱ ድካም በኩል ይገለጥልናል። ስለዚህ ያልገባ ቃል ወይም ያልተብራራ መሣሪያ ሲያጋጥም ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን ታግሦ መቀጠል ይሻላል። ታሪኩ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች መልሶ ማንበብ ግን ትልቅ ደስታ አለው።

ሌላው ስህተት ሳይንሱን እንደ ፈተና ወረቀት ማረም ነው፤ በተለይ ምህንድስና የተማሩ ወዳጆቻችን ይህ ይቀናቸዋል። በሊዩ ሲሺን «ክብ» በተሰኘው ታሪክ ውስጥ ጂንግ ኬ የተባለ ሰው የጥንታዊቷን የቻይና ግዛት የቺንን ንጉሥ አሳምኖ 3 ሚሊዮን ወታደሮችን በሜዳ ላይ ያሰልፋል፤ ጥቁርና ነጭ ባንዲራ የያዙት ወታደሮች እንደ አንድ ግዙፍ ኮምፒዩተር ሆነው ፓይ የተባለውን ቁጥር (የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ያለውን ጥምርታ) ያሰላሉ። «በእውነት ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የታሪኩ ክብደት ያለው ግን ንጉሡ ሠራዊቱን በሙሉ ለስሌት በማሰለፉ ላይ ነው። የተቃራኒው ስህተትም አለ፤ ቴክኒካዊውን ክፍል ዘልሎ ማለፍ። ሁለት ወታደሮች በሚያነሡት ቀለም መሠረት ሦስተኛው የራሱን እንዴት እንደሚመርጥ ያልተከታተለ አንባቢ የመጨረሻው ተንኮል ሙሉ በሙሉ አይገባውም።

ቻይናን በመንገድና በባቡር ሐዲድ ግንባታዋ ለምናውቃት አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እያንዳንዱን ታሪክ ስለ አገሪቱ መንግሥት የተጻፈ ምስጢራዊ መልእክት አድርጎ መፍታት። ኬን ሊዩ ራሱ በመግቢያው ላይ ከዚህ ዓይነት ንባብ ያስጠነቅቃል። ፖለቲካ በታሪኮቹ ውስጥ የለም ማለት አይደለም፤ የማ ቦዮንግ «የዝምታ ከተማ» ያለ እርሱ አይነበብም። ነገር ግን ሊዩ ሲሺን 2 ቢሊዮን ያረጁ አማልክትን ከሰማይ አውርዶ በምድር ቤተሰቦች ዘንድ እንዲጦሩ ሲያደርግ፣ ምራት ስትነጫነጭ፣ ሽማግሌው አንገቱን ሲደፋ፣ ወላጅ መጦር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ታሪኩን ለመረዳት ስለ ቤጂንግ ፖለቲካ ማወቅ አያስፈልገውም።

ሽልማትን መከተልም ያሳስታል። «የምትታጠፈው ቤጂንግ» በ2016 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናባዊ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ስላገኘች ብቻ እርሷን አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው የሺያ ጂያን የለዘበ ድምፅ ሳይሰማ ይቀራል፤ እኔ ከመድብሉ አብልጬ የምወደው ደግሞ እርሱን ነው።

በመጨረሻም፣ ከታሪኮቹ በኋላ በሊዩ ሲሺን፣ በቼን ቺዩፋንና በሺያ ጂያ የተጻፉ 3 መጣጥፎች አሉ። አንዳንዱ ዘልሏቸው ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ መመሪያ ከእነርሱ ይጀምራል። ትክክለኛ ቦታቸው አርታኢው ያስቀመጣቸው ቦታ ነው፤ አንባቢው የራሱን አስተያየት ከያዘ በኋላ ቢያነባቸው ከደራስያኑ ጋር ለመስማማትም ሆነ ለመከራከር የሚያበቃ ነገር በእጁ ይኖረዋል።